ሜታል ዲቴክተር የተቀበረ ሳንቲም አልሰማ ሲል፦ የጥልቀት ሙከራ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በመሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረትን በድምፅ የሚጠቁመውን ሜታል ዲቴክተር አዲስ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ጓሮው ወጥቶ አንድ ሳንቲም መቅበርና መሣሪያው እስከ ስንት ሴንቲ ሜትር ድረስ እንደሚሰማው መመልከት ነው። ውጤቱም በአብዛኛው ቅር ያሰኛል፤ ሻጩ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል ያለው መሣሪያ 15 ላይ ጸጥ ይላል። እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲነሣ ጥፋቱ የመሣሪያው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይበልጡን ችግሩ ከአፈሩ፣ ከሳንቲሙ ወይም ከሙከራው አሠራር ይመነጫል። ስለዚህም ሳንቲሙ ምን እንደ ነበረ፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነና መሣሪያው በምን ቅንብር ላይ እንደ ነበረ ሳይጠቀስ የሚነገር የጥልቀት ቁጥር ለማንም አይጠቅምም ባይ ነኝ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች በገበያ ላይ በብዛት በሚገኙት ቪኤልኤፍ በሚባሉት፣ ማለትም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ እያስተላለፉ የሚሠሩ መሣሪያዎች ላይ የሚታዩ ናቸው።

በአየር ላይ 30፣ በአፈር ውስጥ 15

ሳንቲሙን ከኮይሉ፣ ማለትም በመሣሪያው ዘንግ ጫፍ ካለው ክብ ጠፍጣፋ ክፍል ፊት እያወዛወዙ ሲሞክሩት መሣሪያው ከሩቅ ይሰማዋል፤ ሲቀበር ግን ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። በመጀመሪያ የአየሩ ሙከራ ራሱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሳንቲሙን የያዘው እጅ ቀለበት ወይም ሰዓት ካደረገ መሣሪያው የሰማው ሳንቲሙን ላይሆን ይችላልና፣ ሳንቲሙን በእንጨት ጫፍ ላይ በፕላስተር አጣብቆ መሞከር ይሻላል።

የአየሩ ውጤት ትክክል ከሆነ ምክንያቱ አፈሩ ነው። ኮይሉ የሚያሠራጨው መግነጢሳዊ መስክ ሳንቲሙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በአፈሩ ውስጥ ያሉትን እንደ ማግኔታይት ያሉ የብረት ማዕድናት ያነቃል፤ የእነርሱ ምላሽም ከጥልቅ ሳንቲም ምላሽ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሰሜን ቨርጂኒያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄዱ የሚያገኙት የከልፔፐር አካባቢ ቀይ አፈር በዚህ ጠባዩ በመሣሪያው ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሌላ ቦታ በቀላሉ የሚሰማ ሳንቲም እዚያ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይሰወራል። ከባዛልት የተገኘው የኢትዮጵያ ደጋ ቀይ አፈርም ለእነዚህ መሣሪያዎች ከዚያ የቀለለ እንዲሆን መጠበቅ አይገባም።

አፈሩን ለመመርመር ማግኔት በስስ ፌስታል ጠቅልለው በደረቀና በተፈረፈረ አፈር ውስጥ ያዙሩት። ሲያወጡት ፌስታሉ ላይ ጥቁር ዱቄት እንደ ጺም ቆሞ ከታየ የጥልቀቱ ማነስ ምንጭ በአብዛኛው ተገኝቷል ማለት ነው። መፍትሔው ግራውንድ ባላንስ ማድረግ፣ ማለትም መሣሪያው የአፈሩን ምላሽ ችላ እንዲል ማስተካከል ነው፦ ከስር ምንም ብረት የሌለበት ቦታ ይፈልጉ፤ ኮይሉን ከመሬቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ቦታ እስከ ጉልበት ግማሽ ድረስ ቀጥ አድርገው ደጋግመው ከፍ ዝቅ ያድርጉት፤ ድምፁ ሲወርድም ሲወጣም አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ያስተካክሉ። ከፋብሪካ በወጣበት ቋሚ ቅንብር ብቻ የሚሠራ ርካሽ መሣሪያ ከሆነ በዚህ ረገድ የሚደረግ ብዙ ነገር የለም፤ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም የመስማት አቅሙን ማስተካከያ፣ ቀንሶ ኮይሉን ከመሬት ትንሽ ማራቅ ድምፁን ያረጋጋዋል፣ ጥልቀቱን ግን አይመልሰውም። አፈሩ እጅግ የከበደ ከሆነ ፐልስ ኢንደክሽን በሚባለው ስልት የሚሠራ መሣሪያ ይሻላል፤ እርሱ ግን ሚስማርን ከሳንቲም ለመለየት ደካማ ስለ ሆነ ብዙ ያስቆፍራል።

ሴንሲቲቪቲው ጣራ ቢነካም ጥልቀቱ አይጨምርም

ብዙዎች ጥልቀት ሲያጥራቸው ሴንሲቲቪቲውን እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጉታል፤ መሣሪያውም ያለ ምክንያት መጮኽ ይጀምራል፣ ሳንቲሙም ይብሱን ይጠፋል። ይህን ለመረዳት ምልክቱ ከርቀት ጋር እንዴት እንደሚደክም ማወቅ ያስፈልጋል። ሳንቲሙ ከኮይሉ ስፋት አንጻር በቂ ያህል ሲርቅ ወደ ታች የሚሄደው መስክ በርቀቱ ሦስተኛ ደረጃ ይቀንሳል፣ ማለትም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 8ኛ እጁ ይወርዳል፤ ከሳንቲሙ ተመልሶ የሚመጣውም እንደገና በሦስተኛ ደረጃ ይቀንሳል፤ በድምሩ ስድስተኛ ደረጃ ይሆናል። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 64ኛ እጁ ይወርዳል ማለት ነው። በተቃራኒው የመሣሪያውን የመስማት አቅም እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው ጥልቀት 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምር እንደ ሆነ ነው። በእጥፍ ጥልቅ የሚሄድ አዲስ ሞዴል መጣ የሚል ማስታወቂያ ሲታይ ይህን ስሌት ማስታወስ ገንዘብ ያድናል።

ሴንሲቲቪቲው ሲጨምር ግን ጩኸቱ በሙሉ አብሮ ይጨምራል። የኤሌክትሪክ መስመር፣ በኪስ ያለ ሞባይል፣ የጎረቤት ዋይፋይና የኤሌክትሪክ አጥር ሁሉ ለመሣሪያው ጆሮ ይደርሳሉ። ኮይሉን ከመሬት ላይ አንስተው ሳያንቀሳቅሱ በአየር ላይ ያቁሙት፤ አሁንም የሚያጉረመርም ከሆነ ምንጩ ከአካባቢው ኤሌክትሪክ ነው፤ ዝም ብሎ ኮይሉ መሬት ላይ ሲወዛወዝ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ግን አፈሩ ነው። ለመጀመሪያው ስልኩን አጥፍተው ወይም አርቀው፣ መሣሪያው የፍሪኩዌንሲ መቀያየሪያ ካለው ጸጥ ወዳለው ይለውጡ። ለሁለተኛው ግራውንድ ባላንሱን ይድገሙ። ከዚያም ሴንሲቲቪቲውን መሣሪያው ተረጋግቶ እስከሚሠራበት ድረስ ብቻ ከፍ አድርገው እዚያው ይተዉት።

ሳንቲሙ ይሰማል፣ መሣሪያው ግን ሚስማር ነው ይላል

መሣሪያው የብረቱን ዓይነት በስክሪኑ ላይ በቁጥር ያሳያል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ በተረጋጋ ቁጥር የሚታወቅ ሳንቲም 18 ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ይዋልላል፤ 22 ላይ ደግሞ መሣሪያው የብረት ድምፅ ይሰጣል ወይም ጭራሹን ዝም ይላል። መሣሪያው ብረታ ብረቱን የሚለየው በተላከውና በተመለሰው ምልክት መካከል ባለው የጊዜ ልዩነት ነው፤ የሳንቲሙ ምልክት ሲደክም የአፈሩ ምላሽ ይህን ልዩነት ያዛባዋል፣ ውጤቱም ወደ ብረት ያዘነብላል። ዲስክሪሚኔሽኑ፣ ማለትም የማይፈለገውን የሚያጣራው ቅንብር፣ ብረትን ዝም እንዲያሰኝ ተስተካክሎ ከሆነ ሳንቲሙም አብሮ ይታፈናል። ስለዚህ የጥልቀት ሙከራ ሲደረግ ዲስክሪሚኔሽኑን ዜሮ አድርጎ ወይም ሁሉንም ብረታ ብረት በሚሰማው ቅንብር ላይ አድርጎ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይገባል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከድምፁ ቀድሞ ይጠፋልና። መሣሪያው እስከ ስንት እንደሚሰማና እስከ ስንት በትክክል እንደሚለይ ሁለት የተለያዩ ልኮች ናቸው፤ ሁለቱም ለየብቻ ቢመዘገቡ መልካም ነው።

አንዱ ሳንቲም ይገኛል፣ ሌላው በዚያው ጥልቀት ይጠፋል

ይህ ብልሽት አይደለም። የአሜሪካ ዳይም (የ10 ሴንት ሳንቲም) ስፋቱ 17.9 ሚሊ ሜትር፣ ኳርተር (የ25 ሴንት ሳንቲም) 24.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአገራችን ማርያ ትሬዛ እየተባለ ይገበይ የነበረው የብር ታለር ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በአንድ መሣሪያ እነዚህ ሦስቱ በእኩል ጥልቀት ይገኛሉ ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። ከስፋቱ ሌላ የብረቱ ዓይነት አለ፦ ኒኬል የሚባለው የአሜሪካ የ5 ሴንት ሳንቲም 75 በመቶው መዳብ ቢሆንም የተቀላቀለው ኒኬል ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ስለሚያወርደው፣ ቁጥሩ ከአሉሚኒየም ቁርጥራጭና ከጣሳ መክፈቻ ቀለበት ጋር ይጎራበታል።

ለሙከራ የተመረጠው ሳንቲም ውስጡ ብረት እንዳይሆንም ማግኔት ማስጠጋት ያስፈልጋል። የ1፣ የ2 እና የ5 ዩሮ ሴንት ሳንቲሞች በመዳብ የተለበጡ ብረቶች ናቸው፤ የእንግሊዝ የ1 እና የ2 ፔንስ ሳንቲሞችም ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲሁ ሆነዋል። እነዚህን ቀብሮ መሣሪያው አላገኛቸውም ማለት መሣሪያውን አያስወቅስም። ከ1965 በፊት የተመታ 90 በመቶ ብር የሆነ የአሜሪካ ኳርተር ከተገኘ ለንጽጽር ጥሩ መለኪያ ነው፤ ካልተገኘም ተራው ኳርተር ይበቃል።

በመጨረሻም አቀማመጡ አለ። ጠፍጣፋ ሆኖ የተኛ ሳንቲም ሙሉ ገጹን ለኮይሉ ሲሰጥ፣ በጠርዙ የቆመው እጅግ ያነሰ ምልክት ይመልሳል። አፈር ሲመለስበት የሳንቲሙ አቀማመጥ ሊቀየር ስለሚችል፣ የተቀበረው ጠፍጣፋ ነበር ብሎ መማል አይቻልም።

ባዶው ጉድጓድ ይጮኻል

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ አብዛኛው የጥልቀት ክርክር የሚበላሸው በጉድጓዱ ነውና። የብረት ማዕድን በበዛበት አፈር ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲሞላ፣ ተጠቅጥቆ የኖረው አፈር ይፈታል፣ በመካከሉ አየር ይገባል፤ መሣሪያውም ይህን ለውጥ እንደ ምልክት ሊሰማው ይችላል። ሳንቲም የሌለበት ጉድጓድ ጮኸ ማለት ነው። በአንጻሩ የተፈታው አፈር የሳንቲሙን ድምፅ ሊያደበዝዘውም ይችላል። የመጀመሪያው መፍትሔ ከሳንቲሙ ጉድጓድ ጎን በዚያው ስፋትና ጥልቀት ባዶ ጉድጓድ ቆፍሮ መሙላትና ሁለቱን ማነጻጸር ነው። በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ከተሰማ የተሰማው ሳንቲም አይደለም።

የተሻለው መንገድ ግን ከሳንቲሙ በላይ ያለውን አፈር ጨርሶ አለመንካት ነው። የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ በ45 ዲግሪ አግድሞሽ ወደ መሬት ውስጥ ይቅበሩ፤ ሳንቲሙን በሾለ እንጨት ጫፍ ላይ ባለ አግዳሚ መደብ ላይ ጠፍጣፋ እንዲሆን አጣብቀው በቱቦው ውስጥ ያንሸራትቱት። ቀጥተኛው ጥልቀት በቱቦው ላይ የተለካው ርዝመት በ0.7 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ከተንሸራተተ 21 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል ማለት ነው። ቱቦው ላይ ብሎን፣ እንጨቱ ላይም ሚስማር እንዳይኖር። ከዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም፣ በአንድ ቦታ አፈሩ ሳይቀየር ሳንቲሙንና ጥልቀቱን እየቀያየሩ መሞከር መቻሉ ነው።

እንጨቱን የሚገፋው ሰው ሌላ ይሁን፤ ኮይሉን የያዘውም ጀርባውን ይስጥ። ሳንቲሙ እዚያ መኖሩን የሚያውቅ ጆሮ ያልተሰማውን ድምፅ መስማቱ አይቀርምና። ረዳቱ አንዳንዴ ሳንቲሙን ጭራሽ ያውጣው፤ ያለውና የሌለው ተለይቶ በተደጋጋሚ በትክክል የተነገረበት ጥልቀት ብቻ ይመዝገብ። እኔ ምልክቱ ኮይሉ ከግራ ሲመጣም ከቀኝ ሲመጣም ካልተሰማ እንደተገኘ አልቆጥረውም።

በአሜሪካ ጓሮ ከመቆፈር በፊት 811 ደውሎ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ላይ ምልክት ማስደረግ ያስፈልጋል፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ሙከራው በገዛ ግቢ ይሁን፤ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ መሣሪያውን መጠቀም የተከለከለ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ቅርስ ፍለጋ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይደረግም። የአክሱም ሳንቲም የሚገኝበት አፈር የመሣሪያ መሞከሪያ አይደለም።

ትናንት የተገኘው ዛሬ አይሰማም

አፈሩ እንደ ዝናቡና እንደ ድርቁ ይለዋወጣል፤ እርጥበት ሲኖር አንዳንድ ሳንቲም ይበልጥ ይሰማል፣ ጨው ባለበት ቦታ ግን እርጥበቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መሣሪያውን ያውከዋል። ስለዚህ ግራውንድ ባላንሱ በየዕለቱ ይደገም። ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እጅ ነው፤ ኮይሉ ሲወዛወዝ በጫፎቹ ላይ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ የአምስት ሴንቲ ሜትር ከፍታም ከጥልቀቱ ላይ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ድምፅ ለመስጠት እንቅስቃሴ የሚፈልግ መሣሪያ በጣም በዝግታ ሲሄድም በጣም ሲፈጥንም ሳንቲሙን ያልፈዋል። ደግሞም ጥልቅ ሳንቲም የሚሰማው በኮይሉ መሐል ባለ ጠባብ ቦታ ስለ ሆነ፣ አንዱ ውዝዋዜ ከሌላው ላይ በግማሽ መደራረብ አለበት።

የቆየ ሳንቲም በጥልቅ ይገኛል፣ ዛሬ የተቀበረው ግን አይገኝም

የተለመደው ማብራሪያ የቆየ ሳንቲም ዙሪያውን አፈር ውስጥ ስለሚሟሟ መሣሪያው ትልቅ አድርጎ ያየዋል የሚል ነው። ለዛገ ብረት ይህ ይታመናል፤ መዳብ ነክ ሳንቲምም አረንጓዴ ዝገቱን ለአፈሩ ይሰጣል። ለወርቅ ግን አይሠራም፤ ወርቅ አይዝግምና። እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው መለኪያውን ነው፦ በአካፋ ሲቆፈር ሳንቲሙ ከጉድጓዱ ግድግዳ ተላቅቆ ወደ ታች ይወድቃል፣ ቆፋሪውም የጉድጓዱን መጨረሻ ይለካል። ሳንቲሙ በአፈሩ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ሳለ ከመሬቱ ገጽ ጀምሮ በሜትር መለካት፣ የአፈሩ መጠቅጠቅ ከሚያመጣው ልዩነት ጋር ተደምሮ፣ ብዙውን እንቆቅልሽ ይፈታዋል።

በአየር ላይም ቢሆን አይሰማም

የአየሩም ሙከራ ደካማ ከሆነ ያኔ ወደ መሣሪያው መሄድ ተገቢ ነው። ባትሪውን ይሙሉ ወይም ባትሪ ድንጋዮቹን በአንድ ጊዜ በአዲስ ይለውጡ። ገመዱ ዘንጉ ላይ ላልቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ይጥበቅ፤ ሶኬቱ ውስጥ ውኃ ወይም አፈር ካለ ይጽዳ፤ የኮይሉ መከላከያ ሽፋን ተከፍቶ በመካከሉ የተጠራቀመው አፈር ይራገፍ። ኮይሉ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆኑም ይረጋገጥ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኳርተሩ በአየር ላይ ከአንድ ስንዝር በታች የሚሰማ ከሆነ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ የተደረገውን ሙከራ በቪዲዮ ቀርጸው፣ ሳንቲሙንና ርቀቱን ጽፈው፣ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ መሣሪያውን ለሻጩ ይመልሱ።