የፊት ፍሬን አይፈራም፣ ይለመዳል

ሞተር ሳይክል መንዳት አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪ ሲመጣልኝ ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ «መኪና ድንገት ፊትህ ቢታጠፍ የትኛውን ፍሬን ትይዛለህ?» ለዓመታት ሲነዱ የኖሩት ሳይቀሩ አብዛኞቹ «የኋላውን» ይሉኛል። ለምን ስላቸው «የፊቱ ይገለብጣል» ነው መልሱ። ማን ነገራችሁ? መጀመሪያ ሞተር ያስያዛቸው ወንድም፣ የአጎት ልጅ ወይም ጓደኛ።

ምክሩ ከእውነት ተነስቶ ስህተት ላይ ያርፋል። የፊት ፍሬን በድንገት ሲነጠቅ ጎማው መዞሩን ያቆማል፣ መሪው ይከዳል፣ ሰው ይወድቃል። ይህ እውነት ነው። «ስለዚህ አትንካው» ማለት ግን የሞተሩን ዋና ፍሬን ነቅሎ እንደ መጣል ነው። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩም የነጂውም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ አስፋልቱን ይጫነዋል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ መሬት ቆንጥጦ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ፣ የኋላ ፍሬን ብቻውን በኃይል ሲረገጥ ጎማው ቶሎ ይቆለፍና ይንሸራተታል። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሰጠው የፊቱ ነው።

ሃሪ ኸርት የተባለው ተመራማሪ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሯል። ሪፖርቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ዛሬም ድረስ የሞተር አሠልጣኞች እጅ የማይለየው ያለ ምክንያት አይደለም። አደጋ የደረሰባቸው ነጂዎች የኋላ ጎማቸውን አንሸራትተው፣ የፊት ፍሬናቸውን ግን በቅጡ ሳይጠቀሙበት ነበር የተገኙት። ከነሱ ውስጥ 92 በመቶው ሞተር የለመዱት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። አደጋው ከታየበት ቅጽበት እስከ ግጭቱ የነበራቸው ጊዜ በተለመደው ሁኔታ 2 ሰከንድ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰው አያስብም፤ እጁ የለመደውን ያደርጋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እጃችሁ ምን እንደሚለምድ ነው።

ስንት ሜትር ያስፈልጋችኋል?

ጥሩ ጎማ፣ ደረቅ አስፋልትና የሠለጠነ እጅ አለ እንበል። አደጋውን አይቶ ፍሬን እስከመያዝ አንድ ሰከንድ እንስጥ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ ፍሬኑን ሳይነካ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ከነካ በኋላ ደግሞ 5 ሜትር፤ በድምሩ 13 ሜትር። በ60 ሲሄድ 17 ሜትር ሳይነካ፣ 20 ሜትር ነክቶ፤ 37 ሜትር። በ90 ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

ተማሪዎቼን ዝም የሚያሰኛቸው ግን ሌላ ስሌት ነው። ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን እየሄዱ ነው፤ አንዱ በ50፣ ሌላው በ70። ሁለቱም አደጋውን እኩል አዩ፣ እኩል ፍሬን ያዙ። በ50 የሚሄደው ፍጹም በቆመበት ቦታ ላይ፣ በ70 የሚሄደው ገና በ58 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየበረረ ነው። ልዩነቱ 20 ብቻ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ሞተሩን ለእጃችሁ አስተካክሉ

ሞተሩ ላይ ተቀመጡና ጣቶቻችሁን የፊት ፍሬን እጀታ ላይ ዘርጉ። ከክንዳችሁ እስከ ጣታችሁ ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። የእጅ አንጓችሁ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተጠመዘዘ እጀታውን ፈታ አድርጋችሁ አዙሩት። ጣታችሁ የማይደርስ ከሆነ ብዙ ሞተሮች ላይ ርቀቱን የሚያስተካክል ብሎን አለ። የኋላ ፍሬን ፔዳሉም እግራችሁን ሳታነሱ የሚረገጥ ይሁን። ሞተሩን ሲገዙት በነበረው አኳኋን ለዓመታት የሚነዱ ሰዎች አያለሁ፤ የገዛችሁት ሞተር የተስተካከለው ለሌላ ሰው ቁመት ሊሆን ይችላል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና እጀታው ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ሲፋጭ የሚሰማውን ድምፅ አትጠብቁ፤ ያኔ ዲስኩም ተበልቷል። ታምቡር ፍሬን ከሆነ ፍሬኑን ስትይዙ አመልካች ቀስቱ ከምልክቱ አልፎ እንደሆነ ተመልከቱ። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው። እጀታውን ስትጭኑት እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ ሳይወጣ አትነሱ።

ልምምዱ

ሰው የማይመላለስበት፣ ሜዳ የሆነ፣ ጠጠርና ዘይት የሌለበት ደረቅ አስፋልት ፈልጉ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይደረግ። ፍሬን የምትጀምሩበትን ቦታ በሁለት የውሃ ጠርሙስ ምልክት አድርጉ፤ ያለ ምልክት የሚደረግ ልምምድ ሁልጊዜ ተሳክቶ ይታያል።

በሰዓት 30 ጀምሩ። መጀመሪያ በኋላ ፍሬን ብቻ ቁሙና የቆማችሁበትን አስምሩ። ሰውነታችሁ ቦታውን ይየው፤ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እኔ ብናገር ማንም አያምነኝም።

ቀጥሎ በፊት ፍሬን ብቻ። እዚህ ላይ ነው ጊዜ የምታጠፉት። አያያዙ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ እጀታውን በለዘብታ ስባችሁ ክፍተቱን ትጨርሳላችሁ፤ የፊቱ ሾክ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማችኋል። ያ መውረድ ክብደቱ ጎማው ላይ ደርሷል የሚል መልእክት ነው። ከዚያ በኋላ ትጨምሩበታላችሁ፣ ትጨምሩበታላችሁ፣ እስክትቆሙ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያንሳል፤ ግን መኖር አለበት። ክብደቱ ሳይደርስ የተነጠቀ ፍሬን ነው ያ የሚፈራው። ሜዳው ላይ ስጮህ የምውለው አንድ ነገር ነው፦ «ጭመቅ እንጂ አትንጠቅ!»

ሦስተኛ፣ ሁለቱን አንድ ላይ። የፊቱን እየጨመራችሁ ስትሄዱ የኋላው እየቀለለ ስለሚሄድ እግራችሁን ትንሽ አላሉት። ሲደነግጡ ይህ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ እግር ይረግጣል፣ እጅ ይፈራል። ለዚህ ነው ደጋግሞ መለማመድ የሚያስፈልገው።

ትንንሽ የሚመስሉ ግን የሚጥሉ ነገሮች አሉ። ፍሬን ስትይዙ ቀኝ እጃችሁ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ መልቀቁን አረጋግጡ፤ ጀማሪ ነጂ ብዙ ጊዜ ነዳጅ እየሰጠ ፍሬን ይይዛል። የድንገት አቋቋም ላይ ፍሪሲዮኑንም በአንድ ጊዜ ያዙ። ጉልበታችሁ ታንኩን ይጭመቅ፣ ክርናችሁ ይላላ፤ ክንዱን ግትር ያደረገ ሰው ክብደቱን ሁሉ መሪው ላይ ይጥላል። ዓይናችሁ ሩቅ ይይ። የፊት ጎማውን እያየ የሚቆም ሰው ሲቆም ወደ ጎን ይወድቃል። እየቆማችሁ ማርሽ ወደ አንድ አውርዱ፣ ከቆማችሁ በኋላም ስፖኪዮ ተመልከቱ፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና እንደናንተ ላይቆም ይችላል።

በ30 እጃችሁ ሳይረበሽ ሲያደርገው ወደ 40፣ ከዚያ ወደ 50 ውጡ። የደከመ እጅ መጥፎ ነገር ስለሚለምድ፣ ሲደክማችሁ ተዉት።

ጎማው ሲቆለፍ

የፊቱ ከተቆለፈ ወዲያውኑ ልቀቁትና እንደገና፣ በለዘብታ ያዙት። ለማሰብ ጊዜ የለም፤ መልቀቅ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። የኋላው ተቆልፎ ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ እየሄደ ከሆነ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። የሞተሩ ጅራት ወደ ጎን ከወጣ ግን አትልቀቁ፣ ዓይናችሁን ወደፊት አድርጋችሁ እስኪቆም ያዙት። ጎማው ወደ ጎን እየሄደ ሳለ ድንገት ሲለቀቅ መሬቱን መልሶ ይቆነጥጥና ነጂውን በሞተሩ አናት ላይ ወርውሮ ይጥለዋል።

«አደጋ ሲመጣ ሞተሩን አስተኝቼው እንሸራተታለሁ» የሚል ጀግና በየጊዜው ይገጥመኛል። አስፋልት ላይ የሚያቆማችሁ ጎማ ነው። ብረትና ፕላስቲክ ከጎማ ያነሰ ይይዛሉ፤ ሞተሩን ያስተኛ ሰው ፍሬኑን አውልቆ ወደ መኪናው መንሸራተቱን መርጧል። ከዚህ ወሬ ጋር አብሮ የሚነገር ታሪክ ሁሉ ተራኪው ሳያስበው የወደቀበት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ኤ.ቢ.ኤስ ያለው ሞተር ጎማው ሊቆለፍ ሲል ፍሬኑን በፍጥነት እየለቀቀ መልሶ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1988 በቢኤምደብሊው ኬ100 ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ ሆኗል። ሲሠራ እጀታው ይርገበገባል። ደንግጣችሁ እንዳትለቁት፤ እየረዳችሁ ነው። ሞተር የምትመርጡ ከሆነ የሚያብረቀርቅ ጭስ ማውጫ ትታችሁ ኤ.ቢ.ኤስ ያለውን ውሰዱ። ርቀቱን በተአምር ግን አያሳጥርም፤ ብዙዎቹም ሞተሩ ኩርባ ላይ አጋድሎ ሳለ ፍሬን በኃይል ቢያዝ አያድኑም።

ኩርባና ዝናብ

ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። አጋድሎ የሚሄድ ጎማ አቅሙን ለመታጠፍ እየተጠቀመበት ስለሆነ ለፍሬን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ኩርባው ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ በለዘብታ ጀምሩ፣ ሞተሩ እየቀና ሲመጣ ጨምሩ። ከአንድ ነገር ለመሸሽ መታጠፍና ፍሬን መያዝም በአንድ ጊዜ አይደረጉም፤ ወይ ትቆማላችሁ፣ ወይ ፍሬን ለቃችሁ ታመልጣላችሁ።

ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይከፋሉ፤ አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። የዜብራና የመስመር ቀለም፣ የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን፣ የፈሰሰ ናፍጣ፣ እነዚህ ላይ ፍሬን አይያዝም፤ ቀጥ ብሎ፣ ነዳጅ ሳይጨምሩ ይታለፋል። ከፊታችሁ ካለው መኪና በደረቅ ቀን የ2 ሰከንድ፣ በዝናብ የ4 ሰከንድ ርቀት ጠብቁ።

ፍሬን የማያድነው አነዳድ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቦታ ላለው ሰው ነው። በሁለት የጭነት መኪናዎች መካከል የሚሹለከለክ ነጂ ፍሬኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቦታ የለውም። የከባድ መኪና ሹፌር በስፖኪዮው የማያየው ትልቅ ጎን አለው። ፊቱን በስፖኪዮው ካላያችሁ እሱም አያያችሁም።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ደግሞ ኸርት ካጠናቸው ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረጉ ግጭቶች ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ጥፋተኛው የሞተሩን ቅድሚያ የነጠቀው ሌላው ተሽከርካሪ ነበር። መብቱ የናንተ መሆኑ አጥንት አይጠግንም። ሊታጠፍ የቆመ መኪና ስታዩ ነዳጅ ልቀቁ፣ ጣቶቻችሁን ፍሬኑ ላይ አድርጉ፣ የሹፌሩን ዓይን ትታችሁ የፊት ጎማውን ተመልከቱ። ዓይን አይቶ ላያይ ይችላል፤ ጎማ ግን መዞር ሲጀምር ይታያል።

ስለ መጠጥና ስለ ስልክ ብዙ አልልም፤ የምታውቁትን ነው የምነግራችሁ። ክርን ላይ ስለሚንጠለጠል ሄልሜት ግን እላለሁ። በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንዳሳየው ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ከራስ ላይ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፤ ይቀየር።

ሰው ከኋላ ስትጭኑ የተለማመዳችሁት ሁሉ ይቀየራል። የኋላው ጎማ ይከብዳል፣ ስለዚህ የኋላ ፍሬን ከወትሮው የበለጠ ይሠራል፤ የምትቆሙበት ርቀትም ይረዝማል። የጎማውን ንፋስ አምራቹ ለሁለት ሰው ባዘዘው ልክ ሙሉ። ተሳፋሪው ወገባችሁን ወይም መያዣውን ይዞ እንዲቀመጥ፣ ፍሬን ስትይዙ ትከሻችሁ ላይ እንዳይወድቅባችሁ ንገሩት። ከመነሻችሁ ብዙም ሳትርቁ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ አንዴ በለዘብታ፣ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ቁሙና ሞተሩ ዛሬ ከነጭነቱ የት ላይ እንደሚቆም እዩ።