የግል ደብተራችሁን ለዩት

ድርሰት ሲባል ጭንቅ የሚላችሁ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱንና የራሳችሁን ጽሑፍ በአንድ ደብተር አትጻፉ። እርማት የለመደ እጅ ለራሱ ሲጽፍም ቀይ እስክሪብቶ ይፈራል።

እኔ ከፒያሳ የገዛኋት ትንሽ ደብተር አለችኝ። አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጀመሪያ የቤት ሥራዬን እጨርሳለሁ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ፤ እሱም ያስፈልጋል። ከዚያ ትንሿን አወጣና የስልኬን ሰዓት ለ10 ደቂቃ ሞልቼ፣ ሳልሰርዝ እጽፋለሁ። ትናንት የጻፍኩት ስለ ታክሲ ረዳት ነው። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ውሎ ድምፁ ተዘግቷል። መልሴን ሲሰጠኝ ሳንቲሙን መዳፌ ላይ አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረልኝ። ይህን ስጽፍ ሰዓቱ መቼ እንደሞላ አላወቅኩም።

ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በላይ ቀኑን ብቻ ጻፉ። ደብተሯ እስክትሞላ ለማንም አታሳዩ።