እየሄደ ያለ የዳታ ፓምፕ ኢምፖርት ከኮማንድ ላይን እንዴት ይቆጣጠሩታል?

ትልቅ ደምፕ (ከዳታቤዝ የወጣ የዳታ ፋይል) በኢምፕዲፒ (የዳታ ፓምፕ መጫኛ ትእዛዝ) መጫን ጀምራችሁ መሃል ላይ ሰርቨሩ ተጨናነቀ፣ ወይ ኔትወርኩ ተቆረጠና ተርሚናሉ ተዘጋ እንበል። ብዙ ሰው እዚጋ ደንግጦ ከዜሮ ይጀምራል፣ ግን ምንም አያስፈልግም። በኦራክል ዳታ ፓምፕ (ከ10ጂ ጀምሮ ያለው ማለቴ ነው፣ የድሮው ኢምፕ ሌላ ነው) ስራውን የሚሰሩት ሰርቨሩ ላይ ያሉ ፕሮሰሶች ናቸው፣ እናንተ ጋ የተከፈተው ተርሚናል ሎግ ከማሳየት ውጪ ስራ የለውም፣ ቢዘጋም ጭነቱ ይቀጥላል።

ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ ጆቡ (ሰርቨሩ ላይ የሚሄደው የጭነት ስራ) የማይቆመውም ለዚህ ነው፣ ሎጉ መውረዱን ያቆምና «ኢምፖርት>» የሚል ፕሮምፕት ይመጣል፣ ትእዛዝ የምትሰጡት እዛ ላይ ነው። ተርሚናሉ ከተዘጋባችሁ ወይ ሌላ ማሽን ላይ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ የጆቡን ስም ፈልጉ። ዲቢኤ_ዳታፓምፕ_ጆብስ የሚለውን ቪው ሰሌክት ስታደርጉ ባለቤቱን፣ ስሙንና ስቴቱን ያወጣላችኋል። ስም ካልሰጣችሁት ሲስ_ኢምፖርት_ፉል_01 አይነት ነገር ነው የሚሆነው፣ እንዲህ አይነት ስም ሶስት አራት ሲሆን የቱ የቱ እንደሆነ ግራ ያጋባል፣ ስለዚ ስትጀምሩ በጆብ_ኔም ራሳችሁ ሰይሙት። ከዛ ኢምፕዲፒ ብላችሁ ዩዘራችሁንና አታች=የጆቡን ስም ትጽፋላችሁ፣ በቃ ገባችሁ። የሌላ ዩዘር ጆብ ከሆነ ከስሙ በፊት ስኪማው (የባለቤቱ ዩዘር ስም) በነጥብ ይገባል፣ ዳታፓምፕ_ኢምፕ_ፉል_ዳታቤዝ የሚባለው ሮልም (የፈቃድ ስብስብ) ያስፈልጋችኋል።

ከገባችሁ በኋላ ምንም ሳትነኩ ስታተስ በሉ። እያንዳንዱ ወርከር (ጭነቱን የሚሰራው የሰርቨር ፕሮሰስ) የትኛው ቴብል ላይ እንዳለና ስንት ረድፍ እንደጨረሰ ይነግራችኋል፣ ስታተስ=60 ካላችሁት ደግሞ በየ60 ሰከንዱ ራሱ ያድሰዋል። ኦአርኤ-39171 ካያችሁ ጆቡ አልሞተም፣ ቦታ እየጠበቀ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴብልስፔስ (ዳታው የሚቀመጥበት ቦታ) ሞልቶ ነው። አታቁሙት፣ በሌላ ሴሽን ዳታፋይል ጨምሩለት ራሱ ይቀጥላል።

ሰርቨሩን ካጨናነቀው ፓራለል=2 ብላችሁ በአንዴ የሚሰሩትን ወርከሮች መቀነስ ትችላላችሁ፣ ወርከሮቹ የያዙትን ጨርሰው ነው የሚቀንሱት ስለዚ ወዲያው ለውጥ ካላያችሁ ታገሱ። (ከ1 በላይ ማድረግ የሚቻለው ኢንተርፕራይዝ ኤዲሽን ላይ ነው።)

አሁን ዋናው ነገር፣ ስቶፕ_ጆብ እና ኪል_ጆብ። ስቶፕ_ጆብ ስትሉ ወርከሮቹ የያዙትን ይጨርሱና በስርአት ይቆማል፣ =ኢሚዲየት ካከላችሁበት ወዲያው ያቋርጣል፣ የተቋረጠው ስራ ሲቀጥል እንደገና ይሰራል። በሁለቱም ጆቡ የት እንደደረሰ ማስተር ቴብሉ ላይ ስለሚቀር ሌላ ጊዜ አታች አድርጋችሁ ስታርት_ጆብ ካላችሁ ካቆመበት ይነሳል፣ ደምፕ ፋይሉን ግን እንዳታነሱት። አንድ ኦብጀክት ላይ ሁሌ እየወደቀ ካስቸገረ ስታርት_ጆብ=ስኪፕ_ከረንት በሉት፣ እሱን ዘሎ ይሄዳል።

ኪል_ጆብ ግን ማስተር ቴብሉንም ያጠፋዋል፣ መመለስ የለም። እዚጋ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፣ ኢምፖርት መጀመሪያ ባዶ ቴብሎቹን ይፈጥርና ዳታውን ቀጥሎ ነው የሚሞላው፣ ስለዚ መሃል ላይ ገድላችሁት ያንኑ ትእዛዝ ደግማችሁ ስታስነሱ «ቴብሉ አለ» ብሎ ከነዳታው ይዘለዋል፣ ዲፎልቱ ስኪፕ ነዋ! ጆቡ ቶሎ ያልቃል፣ ገና ያልተሞሉት ቴብሎች ግን ባዶ እንደሆኑ ይቀራሉ። በድጋሚ ስትጭኑ ቴብል_ኤግዚስትስ_አክሽን=ትራንኬት ወይም ሪፕሌስ አድርጉት፣ ውስጡ የሚፈለግ የቆየ ዳታ አለመኖሩን መጀመሪያ አይታችሁ ማለት ነው፣ ሁለቱም ያጠፉታል።

ስትጨርሱ ኮንቲኒው_ክላየንት ወደ ሎጉ ይመልሳችኋል፣ ኤግዚት_ክላየንት ደግሞ ጆቡን ሳይነካ ያስወጣችኋል።

ቪው ላይ ኖት ራኒንግ እያለ የሚቀር የድሮ ጆብ ካለና የማትቀጥሉት ከሆነ ባለቤቱ ስኪማ ውስጥ በጆቡ ስም የተቀመጠውን ማስተር ቴብል ድሮፕ ስታደርጉት ከዝርዝሩ ይጠፋል።