የምርምር ውጤት ከወረቀት ወደ ታካሚው አልጋ የሚደርሰው እንዴት ነው?

አዲስ መመሪያ ሲወጣ ቶሎ የሚታሰበው ስልጠና ነው። ብዙ ጊዜ ግን ባለሙያው ነገሩን ያውቀዋል፤ የቸገረው መድኃኒቱ በሰዓቱ እጁ ላይ አለመኖሩ ነው።

አንድ አሠራር ብቻ ይምረጡ። ለምሳሌ ከወሊድ በኋላ ደም ሲበዛ የሚሰጠውን ትራኔክሳሚክ አሲድ እንውሰድ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በ21 አገሮች 20,060 ሴቶችን ያካተተው ዎማን የተባለ ጥናት፣ በወለዱ በ3 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት በደም መፍሰስ የሞቱት 1.2 በመቶ፣ ማስመሰያ (መድኃኒት የሌለበት፣ ግን የሚመስል) ከተሰጣቸው ደግሞ 1.7 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። አንዲት እናት ለማትረፍ 200 ያህል ሴቶችን ማከም ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ማዋለጃ ክፍል ሞት እየቆጠሩ ለውጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ደቂቃ ይቁጠሩ። በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳልና።

ከወሊድ በኋላ ደም የበዛባቸውን የመጨረሻዎቹን 20 እናቶች ካርዶች አውጥተው ከእያንዳንዱ ሦስት ሰዓቶችን ይመዝግቡ፦ የወለደችበት፣ ደሙ መብዛቱ የታወቀበት፣ መድኃኒቱ የተሰጠበት። ያልተጻፈውን በግምት አይሙሉ፤ «አልተጻፈም» ማለት ራሱ ግኝት ነው።

ቀጥሎ፣ በሌሊት ተራ ከአዋላጇ ጋር መድኃኒቱ እስካለበት ድረስ ይሂዱ። ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው? ሐኪም ካልፈረመ አይወጣም? መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ አይታይም።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ማዋለጃው ውስጥ ሳጥን ያስቀምጡ፦ 1 ግራም መድኃኒት (በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ከሆነ 10 ሚሊ ሊትር)፣ ሲሪንጅ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ)፣ ፕላስተር። ክዳኑ ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ «በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ካልቆመ ሌላ 1 ግራም። ከወለደች 3 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም።» አምፑሉን በጀርባ ከሚወጋው ማደንዘዣ ከቡፒቫኬይን አጠገብ ፈጽሞ አያስቀምጡ። ተመሳስሎባቸው ትራኔክሳሚክ አሲዱን በስህተት በጀርባ የወጉ አሉ፤ ይህ ስህተት ይገድላል።

ሳጥኑ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የተጠቀመው ሰው ሳይተካ ይሄዳል። ተረኛ ሲቀያየር ተከፍቶ ይታይ፣ ይፈረምበት።

በየሳምንቱ በአዳዲሶቹ ካርዶች ላይ ደሙ መብዛቱ ከታወቀበት መድኃኒቱ እስከተሰጠበት ያለውን ደቂቃ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው መካከለኛውን ግድግዳ ላይ ባለ ግራፍ ያስፍሩ። አማካይ አይጠቀሙ፤ አንድ በጣም የዘገየ ካርድ ያዛባዋል። በአራት ሳምንት መስመሩ ካልወረደ ሳጥኑን ከማሳመር ይልቅ እንደገና በሌሊት ይሂዱ።