ነባሩን ኳርተርባክ መተካት ወይስ ማቆየት?

በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ በኤንኤፍኤል ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ደካማ የሆነበት ቡድን ብዙ አይጨነቅም፤ ይለውጠዋል። የሚያስቸግረው 9 አሸንፎ 8 የሚሸነፍ፣ አልፎ አልፎ ቡድኑን ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) አድርሶ ከዚያ የማያሻግር ነባር ተጫዋች ነው። ደጋፊው «ይውጣ» ይላል። ነገር ግን «ማን ይግባ?» ለሚለው መልስ ሳይኖር ነባሩን ማሰናበት ቡድንን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሳል።

መጀመሪያ አማካይ መሆኑን በቁጥር አረጋግጡ

ተጫዋቹን ቡድኑ ባሸነፈውና በተሸነፈው ጨዋታ ብዛት አትመዝኑት። በጥቂት ነጥብ ልዩነት የሚያልቁ ጨዋታዎች ዘንድሮ ቢቀኑ ለከርሞ ሊገለበጡ ይችላሉ። ፓሰር ሬቲንግ የሚባለው መለኪያም ሳክን፣ ማለትም ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይለቅ የሚጣልበትን አጋጣሚ፣ አይቆጥርም። የተሻለው ስሌት እንዲህ ነው፦ በውርወራ ከተገኘው ያርድ ላይ ለእያንዳንዱ ታችዳውን (ኳሱ የተጋጣሚው ሜዳ ጫፍ ደርሶ ነጥብ ሲቆጠር) 20 ደምሩ፣ ለእያንዳንዱ ኢንተርሴፕሽን (በተጋጣሚ ለተጠለፈ ውርወራ) 45 ቀንሱ፣ በሳክ የጠፋውንም ያርድ ቀንሱ። የቀረውን ለውርወራዎቹና ለሳኮቹ ድምር አካፍሉ።

በ550 ውርወራ 3,900 ያርድ፣ 24 ታችዳውን እና 12 ኢንተርሴፕሽን ያስመዘገበ፣ 35 ጊዜ ተጥሎ 250 ያርድ ያጣ ተጫዋች እንውሰድ። 3,900 ሲደመር 480፣ ሲቀነስ 540፣ ሲቀነስ 250፣ 3,590 ይሆናል። ለ585 ሲካፈል 6.1 ይደርሳል። የሊጉ አማካይ በቅርብ ዓመታት 6 አካባቢ ስለሆነ ይህ ሰው በትክክል መሃል ላይ ነው። ከ7 በላይ ያለውን ለመተካት አትቸኩሉ፤ ወደ 5 የወረደውን ደግሞ አማካይ ብላችሁ አትሸንግሉት። ኢንተርሴፕሽን በዕድል ስለሚዋዥቅ የአንድ ዓመት ቁጥር ያሳስታል፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት ያዙ። የሳክ መጠን ግን ከተጫዋቹ ጋር የሚጓዝ ጠባይ ነው። ቡድን ቢቀይርም ኳስ ይዞ የሚቆይ ሰው እዚያም ይቆያል።

ቀጥሎ ፊልሙን ክፈቱ። ሦስት ሰከንድ ገደማ ኳሱን ይዞ ከተጣለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ነው፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከተጣለ እሱን ከተጋጣሚ ወደሚከልለው የራሱ ቡድን የፊት መስመር ተመልከቱ። ተቀባዩ እጅ ላይ ደርሰው የወደቁትን ለብቻ ቁጠሩ። በዕድሜ ለገፋ ተጫዋች ደግሞ ከሜዳው አንዱ ጎን ወደ ሌላው ዳር የሚወረውረውን ኳስ አስተውሉ። ተከላካዮቹ ረጅሙን ውርወራ መፍራት ትተው ወደ አጭሩ ከተጠጉ፣ ክንዱ መዛሉን ተጋጣሚዎቹ ከእናንተ ቀድመው አውቀዋል።

ከዚያ ውሉን አንብቡ

ብዙ ክርክር የሚከሽፈው እዚህ ነው። የፊርማ ጉርሻ በደመወዝ ጣሪያው (ሊጉ አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾች እንዲያወጣ በሚፈቅደው ገደብ) ላይ ቢበዛ ለ5 ዓመት ተከፋፍሎ ይመዘገባል። ለ5 ዓመት ውል 50 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ የወሰደ ሰው በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ያስቆጥራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ብታሰናብቱት ያልተመዘገበው 30 ሚሊዮን በአንድ ጊዜ ይወድቅባችኋል። የሦስተኛው ዓመት ደመወዙ 27 ሚሊዮን ከሆነና ዋስትና ከሌለው፣ ማቆየቱ 37 ሚሊዮን፣ ማሰናበቱ 30 ሚሊዮን ያስቆጥራል። ትርፉ 7 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ጥሩ ኳርተርባክ አይገኝም።

ስንብቱን «ከጁን 1 በኋላ» ብሎ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ለአንድ ቡድን በዓመት ሁለት ተጫዋች ይፈቀዳል። ያኔ ዘንድሮ 10፣ ለከርሞ 20 ሚሊዮን ይሆናል። ችግሩ የሚተርፈው 27 ሚሊዮን ከጁን 1 በፊት እጅ አይገባም፤ የነፃ ተጫዋቾች ገበያ ደግሞ ማርች አጋማሽ ላይ ይከፈታል። ዴንቨር ብሮንኮስ በ2024 ራስል ዊልሰንን ሲያሰናብት 85 ሚሊዮን ዶላር በሁለት ዓመት ተከፍሎ ተመዝግቦበታል።

የዋስትና ቀኖችን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉባቸው። የሬደርስ ቡድን ኳርተርባክ የነበረው የዴሪክ ካር ውል ከሱፐር ቦውል (ከሊጉ የዋንጫ ጨዋታ) ሦስት ቀን በኋላ 40 ሚሊዮን ገደማ ዋስትና የሚያጸና ስለነበር፣ ሬደርስ በዲሴምበር 2022 ሁለት ጨዋታ ሲቀሩ ከቋሚነት አወጣው፤ ቢጎዳ ገንዘቡ መከፈሉ አይቀርምና። ካር ዝውውር የመከልከል መብት ስለነበረው ግን ምንም ሳያስገኝ ተሰናበተ። በምትኩ የመጣው ጂሚ ጋሮፖሎ በ2023 አጋማሽ ላይ ከቋሚነት ወጣ፣ በቀጣዩ ማርችም ተሰናበተ። አማካዩን በሌላ አማካይ መለወጥ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው፤ ጉርሻ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፣ ቡድኑ ግን እዚያው ነው።

ተተኪውን ቀድሞ ማዘጋጀት

የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ መንገድ እስካሁን የሚበልጠው የለም። በ2017 ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ከ27ኛ ተራ ወደ 10ኛ ለመውጣት የቀጣዩን ዓመት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ጨምሮ ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ። አሌክስ ስሚዝ ያን ዓመት በቋሚነት ሲጫወት ማሆምስ አንድ ጨዋታ ብቻ ጀመረ። ስሚዝ ጥሩ ዓመት ስላሳለፈ ዋጋው ሳይወርድ ለዋሽንግተን ተሸጠ፤ አንድ ተከላካይና የሦስተኛ ዙር ምርጫ ተገኘበት። ማሆምስ በ2018 50 ታችዳውን ወረወረ።

ይህን የሚያዋጣው የድራፍት ውል ርካሽነት ነው። የ2024 የመጀመሪያ ተመራጭ ኬሌብ ዊሊያምስ ለ4 ዓመት 39.5 ሚሊዮን ገደማ ፈረመ፤ በዚያው ዓመት ዳክ ፕሬስኮት ለ4 ዓመት 240 ሚሊዮን። ልዩነቱ ለመስመሩና ለተቀባዮቹ ይውላል። ለመጀመሪያ ዙር ተመራጭ አምስተኛ ዓመት መጨመር ይቻላል፤ ውሳኔው ከሦስተኛው የውድድር ዘመን በኋላ እስከ ሜይ መጀመሪያ መድረስ አለበት። ስለዚህ ልጁን ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ማስቀመጥ የርካሹን ጊዜ መብላት ነው። አንድ ዓመት ይበቃል።

ድራፍትም ዋስትና የለውም። ሳን ፍራንሲስኮ 49ኧርስ በ2021 ከ12ኛ ወደ 3ኛ ለመውጣት ሁለት ተጨማሪ የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ከፍሎ የወሰደው ትሬይ ላንስ ለቡድኑ 4 ጨዋታ ብቻ ጀመረ። ቡድኑን ያዳነው በ2022 የመጨረሻ፣ 262ኛ ሆኖ የተመረጠው ብሮክ ፐርዲ ነው። በዚህ ዓይነት ዕድል ላይ ዕቅድ አይገነባም። ከላንስ የሚወሰደው ትምህርት ሌላ ነው፦ ልጁ እስኪረጋገጥ ድረስ ነባሩን አትልቀቁ። 49ኧርስ ጋሮፖሎን በማቆየቱ በዚያው የ2021 የውድድር ዘመን ለኮንፈረንስ ፍጻሜ (ከሱፐር ቦውል በፊት ላለው የመጨረሻ ዙር) በቅቷል።

የተረጋገጠ ነባር መግዛት የሚያዋጣው ሌላው ክፍል የተሟላ ሲሆን ብቻ ነው። ራምስ በ2021 ለማቲው ስታፎርድ ሁለት የመጀመሪያ ዙር፣ አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫና ጃሬድ ጎፍን ሰጥቶ በዚያው የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል አሸነፈ፤ ኮከብ ተከላካዩ አሮን ዶናልድና ተቀባዩ ኩፐር ከፕ ቀድመው እዚያ ነበሩ። ጎፍም በፊናው ዲትሮይት ላይ ጥሩ መስመርና የሚስማማው የማጥቃት አሠራር አግኝቶ በ2023 የውድድር ዘመን ላየንስን ለኮንፈረንስ ፍጻሜ አበቃ። መስመራችሁ ደካማ ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ አውሉት፤ አማካዩ ሰው አማካይ የመሰለው በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለውጡ በውድድሩ መሃል የሚደረግ ከሆነ የባይ ሳምንቱን (ቡድኑ ጨዋታ የሌለበትን) ጠብቁ። በተለመደው ሳምንት አብዛኛው የልምምድ ድግግሞሽ የቋሚው ስለሆነ፣ ተቀያሪው ራሱ ባልተለማመደው ዕቅድ ሜዳ ይገባል። በባይ ጊዜ ግን አሰልጣኙ የጥሪ ዝርዝሩን አሳጥሮ ልጁ በሚወዳቸው ውርወራዎች ዙሪያ እንደገና መጻፍ ይችላል።