የንባብ ልማድና የንባብ ደብተር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች

ደብተር ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ አንብቡ። ልማዱ ሳይያዝ ደብተሩ ከቀደመ ንባቡ ሌላ የቤት ሥራ ይሆናል፤ ተማሪውም ለመጻፍ ሲል ብቻ ገጽ ይገልጣል።

ጊዜውን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር አያይዙት። በፈረቃ የምትማሩ ከሆነ «ከቀኑ 8 ሰዓት» የሚል ዕቅድ ፈረቃው ሲቀየር ይፈርሳል፤ «ከትምህርት ቤት ገብቼ መክሰስ ከቀመስኩ በኋላ» የሚለው ግን አብሯችሁ ይዞራል። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ማንበብ እንቅልፍ መጥራት ነው፤ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የሚያስቸግረው የቀትር ሙቀት ስለሆነ ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ዓይን ይከብዳል፤ ከሱሁር በኋላ ያለችው ጊዜ ትመረጣለች። በገበያ ቀን ቤተሰብ የሚያግዝ ተማሪ ያን ቀን ከዕቅዱ ያውጣው። በሳምንት 5 ቀን ይበቃል።

መጠኑ በቀን 15 ደቂቃ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን በ15 ደቂቃ ስንት ገጽ እንደሄዳችሁ ቁጠሩ። 6 ገጽ ከሆነ በሳምንት 30 ገጽ ነው፤ 180 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ6 ሳምንት ያልቃል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ስታነቡ ገጹ ቢቀንስ አትደንግጡ፤ ደቂቃውን ብቻ ጠብቁ።

መጽሐፍ ስትመርጡ ከመሃሉ አንድ ገጽ አንብቡ። የማታውቋቸው ቃላት ከ5 ከበለጡ ለጊዜው መልሱት። ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ቤት የማያውስ ከሆነ በባዶ ክፍለ ጊዜ እዚያው አንብቡና ያቆማችሁበትን ገጽ መዝግቡ። የውሰት መጽሐፍ ላይ አይሰመርም፤ ከባዱን ቃል ከነገጽ ቁጥሩ በቁራጭ ወረቀት ያዙት። መዝገበ ቃላት የሚገለጠው ንባቡ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያውም ለ3 ቃል ቢበዛ። በየመስመሩ የሚያቆም አንባቢ ታሪኩ ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ደብተሩ። ባለ 50 ሉክ በቂ ነው፤ 100 ገጽ አለው። የመጀመሪያዎቹን 4 ገጾች ለመጻሕፍት ዝርዝር ተዉ፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የገጽ ብዛት። «የተተወ» የሚል ዓምድም ይኑር። 30 ገጽ ድረስ ሄዳችሁበት ልባችሁን ያልሳበውን መጽሐፍ መተው ነውር አይደለም፤ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። በቀሩት 96 ገጾች በሳምንት 3 ጊዜ አንድ አንድ ገጽ ብትጽፉ ለ32 ሳምንት ይበቃሉ።

እያንዳንዱ ማስታወሻ ቀንና «ከገጽ እስከ ገጽ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሆነውን፣ ከዚያ ቃል በቃል የተገለበጠ አንድ ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ፣ በመጨረሻ የራሳችሁ ጥያቄ ወይም ተቃውሞ። ከ10 ደቂቃ አይለፍ።

ዋናው ብልሽት እዚህ ላይ ይመጣል። «መጽሐፉ በጣም ደስ ይላል፤ ብዙ ትምህርት ይሰጣል» የሚለው ለየትኛውም መጽሐፍ ይሆናል፤ ሳያነቡም ይጻፋል። «አጎትየው በሬውን የሸጥኩት ለሕክምና ነው ይላል፤ ገጽ 32 ላይ ግን ጤነኛ ነበር። የሚዋሽ ይመስለኛል» የሚለው ግን ያነበበ ሰው ጽሑፍ ነው። ያላነበባችሁበትን ቀን ባዶ ተዉት። ዓርብ ማታ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ መሙላት የፈጠራ ድርሰት እንጂ የንባብ ማስታወሻ አይደለም።

ለመምህራን፦ 50 ተማሪ ላለበት ክፍል በቀን 10 ደብተር ሰብስቡ፤ ለአንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጥ 20 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ፊደል በቀይ አታርሙ፤ ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ነጥብ መስጠት ግድ ከሆነ ለርዝመት አይሁን፤ ለርዝመት የተሰጠ ነጥብ ከመጽሐፉ ጀርባ የተገለበጠ ጽሑፍ ያመጣል። ኩረጃ ስትጠረጥሩ «የጠቀስከውን ገጽ አውጥተህ አሳየኝ» ማለት ይበቃል። ማግኘት ካቃተው ቁጣ አያስፈልግም፤ መጽሐፉ ከብዶት ሊሆን ስለሚችል ቀለል ያለ ስጡት።