ዱባዬን ከግንድ ሰርሳሪ ትል ያዳንኩበት መንገድ

ዱባው ውሃ እየጠጣም ቀን ቀን ይጠወልግ ነበር። ግንዱን ከሥሩ አካባቢ ሳየው ቀዳዳ አለ፣ አፉ ላይ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ተለጥፏል። ይሄን ካያችሁ ትሉ ውስጥ ነው፤ ከላይ መድኃኒት ብትረጩ አይደርስበትም። ምላጭ በአልኮል ጠርጌ ግንዱን ከቀዳዳው ጀምሬ በቁመቱ ሰነጠቅኩት (አግድም ከቆረጣችሁት አለቀለት)፣ ውስጡ ነጭ፣ ወፍራም፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል ተጋድሟል። በወረንጦ ጎትቼ አወጣሁት። ሌላም ሊኖር ስለሚችል እስከ ጤነኛው ክፍል ድረስ ማየት ነው። ከዛ ስንጥቁን ገጥሜ እርጥብ አፈር አለበስኩት፤ የዱባ ሐረግ አፈር ከነካ ከአንጓው አዲስ ሥር ያወጣል፣ ያተረፈውም እሱ ነው። የሌሎቹን ዱባዎች ግንድ ከታች በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ የትሉ እናት (የእሳት እራት ናት) እንቁላል የምትጥለው እዛ ጋ ነዋ።